ዓይን ሣዪላቸው

ወሰንየለሽ ጓዳ ቁጭ ብላ ትኩስ ጎደሬ ስትልጥ፣ ሳሎን ያለው ወንድሟ ለአዲስ አበባው እንግዳ፣ «ከሥራ ስገባ፣ ልጆቹ ጋደም ሲሉልኝ እየተቀመጥኩ ነው የሣልኳቸው» ሲለው ሰማች። ጓዳውንና ሳሎኑን የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ እንኳን ንግግር ትንፋሽ አያስቀርም። እጇ ላይ ያለው ጎደሬ እያቃጠላት መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው። እንግዳው ኃይለጊዮርጊስ ይባላል፤ ለትምህርት የሚሆኑ ፊልሞች ከሚሠራ መሥሪያ ቤት ተልኮ ትናንት በአውሮፕላን የመጣ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። «እጅህ ይባረክ» አለ። «እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አገኛለሁ ብዬ አይደለም ጂንካ የመጣሁት። ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ብትመጣስ? ፊልሙ እስኪያልቅ ጥቂት ወራት ነው። ማደሪያውንም አበሉንም መሥሪያ ቤቱ ይችላል፤ ሥራውንም ከባለሙያዎቹ ጋር ሆነህ ትማረዋለህ።» ወሰንየለሽ ጎደሬውን ሳህን ላይ አስቀምጣ ጆሮዋን አቀናች። አሁን ወንድሜ ስሜን ሊጠራ ነው ብላ አሰበች። እሱ ግን፣ «አይ፣ እኔ የቤተሰብ ሰው ነኝ፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። እናንተው ውሰዱና ገልብጡት» አለ።

ሥዕሎቹ የእሷ ነበሩ። ወንድሟ ሀብተ ማርያም የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሰዓሊ ነው፤ በየበዓሉ አደባባይ የሚሰቀለው መፈክር፣ በየቢሮው በር ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ፣ ስለ ክትባትና ስለ ማዳበሪያ የሚወጣው ሥዕል ሁሉ የእሱ ሥራ ነው ይባላል። ዓይኑ መድከም ከጀመረ ግን ሁለት ዓመት አልፎታል። ለቅሶ አለብኝ ብሎ ፈቃድ ወስዶ አርባ ምንጭ ድረስ ሄዶ ታይቷል፤ ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደማይቆይ ነግሮ ሸኝቶታል። አሁን ብርሃንና ደማቅ ቀለም ይለያል፤ የሰው ፊት አይለይም። ይህን የሚያውቁት እሱ፣ ሚስቱ ተዋበችና ወሰንየለሽ ብቻ ናቸው። የሚኖሩበት ቤት የመንግሥት ነው፤ ሥራው ከቀረ ቤቱም ይቀራል። ስለዚህ ጨርቁንና ቀለሙን «ቤት ስሠራ ይቀናኛል» እያለ ያመጣዋል፣ እሷ ትሠራዋለች፣ እሱ ተሸክሞ ይመልሰዋል። ወሰንየለሽ በመፈክሩ አንድ ቀን ቅር ብሏት አያውቅም። መፈክር የማንም አይደለም፤ የእኔ ነው ብሎ የሚጣላበትም የለም። እነዚህ ሥዕሎች ግን ሌላ ነበሩ። ስትጀምራቸው ሀብተ ማርያም ራሱ፣ «ይሄ ያንቺ ነው። ሰውዬው ሲመጣ እነግረዋለሁ» ብሏት ነበር።

ነገሩ የመጣው ከአዲስ አበባ በተላከ ትእዛዝ ነው። ስለ ወባ አጭር የካርቱን ፊልም ሊሠራ ታስቧል፤ ጄኔሬተር በጫነ መኪና እየተዞረ ቱርሚ፣ ሃና፣ ካንጋተን ድረስ ለሕዝብ ይታያል፤ አማርኛ ለማይሰማውም እንዲገባው ንግግር አይኖረውም፤ ስለዚህ የሰዎቹን አሳሳል የአገሩ ሰዓሊ ያውጣ ተባለ። ወሰንየለሽ መጀመሪያ የሣለችው የለመደችውን ነው፤ ደረቱን የነፋ ገበሬ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሩቅ የሚያይ ወጣት። ሥዕሎቹ የቆሙበት ተተክለው የሚቀሩ እንጂ የሚንቀሳቀሱ አይመስሉም። አንድ ቅዳሜ ገበያው ዳር ቆማ ከዳገቱ የሚወርደውን ሰው ስታይ ግን አንድ ነገር ገባት። ሰው ገና ከሩቅ፣ ፊቱ ሳይታይ ይታወቃል። የአሪዋ ሴት ከሸክሟ ሥር ጎንበስ ብላ እግሯ የሚያርፍበትን እያየች ትመጣለች። የሐመሯ ሴት ትከሻዋ ዝንፍ አይልም፤ ከኋላዋ የለበሰችው ቆዳ ጫፍ ብቻ ይወዛወዛል። የበናው ሰው በርኩማውን፣ ያችን ትንሽ የእንጨት መቀመጫውን፣ እንደያዘ በአንድ እግሩ ይቆማል። ደገኛው ነጋዴ እጆቹን ከጀርባው አጣምሮ፣ መሬቱ የግሉ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ቤት ገብታ ሁሉንም በጥቂት መስመር፣ ከፊት ከጎንና ከኋላ ሣለቻቸው። ቀለማቸውን ከቀይ አፈር፣ ከከሰልና ከኖራ አወጣችው። ፊታቸውን እንደ ቅል ልሙጥ አድርጋ ተወችው፤ አፍ የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ዓይን የለ። ዓይን የሣለችው ለወባ ትንኟ ብቻ ነበር። ይህን ስትጨርስ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራችውን ነገር ከሩቅ ቆማ፣ ከቅርብ ቆማ፣ ደግሞ ተመልሳ አየችው።

ጎደሬውን በቅቤ አሽታ ይዛ ወደ ሳሎን ገባች። ተዋበች ከልጆቹ ጋር ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ የባሏን ንግግር እሷም ሰምታዋለች፤ ዓይኗን ከወሰንየለሽ ዓይን አሽሽታ በነጠላዋ ጫፍ የትንሹን ልጅ አፍንጫ መጥረግ ያዘች። ወሰንየለሽ ሳህኑን ሁልጊዜ እንደምታደርገው ወንድሟ እጁን ሲዘረጋ በሚያገኘው ቦታ አኖረችለት፤ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጋ አስቀመጠችለት። እንግዳው ቀና ብሎ አያትና፣ «እህትህ ናት?» ሲል ጠየቀ። «አዎ፤ ታናሽ እህቴ ናት። ቀለም ታቀርብልኛለች፣ ብሩሽ ታጥብልኛለች» አለ ሀብተ ማርያም። እንግዳው «ጎበዝ» አላት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስኳር ወረፋ፣ አዲስ አበባ ላይ የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ተወራ። ጂንካ ማር ርካሽ መሆኑን እንግዳው ሰምቷል፤ ሳይገዛ እንደማይመለስ ተናገረ። ሀብተ ማርያም ከሌላው ጊዜ የበለጠ ሳቀ። ወሰንየለሽ ሳህኖቹን አንስታ እስክትወጣ ድረስ አንድም ጊዜ ወደ እሷ አልዞረም።

ከቁርስ በኋላ ሥዕሎቹን ለኃላፊዎቹ ሊያሳዩ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ የተጠቀለሉትን ሥዕሎች ታቅፋ ከፊት ከፊት ሄደች። ወንድሟ እንዳይስታት ቢጫ ሻሿን አስራለች። የሚያዝያ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል፤ ድንጋይ ሲኖር «ውይ፣ ድንጋይ» ትላለች፣ ቦይ ሲኖር ቆም ብላ ጫማዋን የምትጠርግ ትመስላለች። የመኪያ ሱቅ ጋ ሲደርሱ እንግዳው ማሩን ሊያይ ገባ። ወንድምና እህት በረንዳው ላይ ብቻቸውን ቆሙ። መኪያ ከውስጥ፣ ይህ ነጩ ማር ነው፣ ያኛው የበረሃው ነው፣ ብር ከሃምሳም አልቀንስም ስትል ይሰማል።

«ልትነግረው ቃል ገብተህልኝ ነበር፣ ጋሼ» አለች ወሰንየለሽ።

«ገብቼ ነበር።»

«እና?»

«ይዞሽ ቢሄድስ? ለበዓሉ መፈክሩን ማን ይጽፈዋል? እነዚያን ልጆች ምን ላብላቸው?» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ፊቱን ያዞረው ግን ወደ እሷ ሳይሆን ወደ በረንዳው ምሰሶ ነበር። መልስ ነበራት፤ ብዙ መልስ ነበራት። የተዋበችን ነጠላ ጫፍና የትንሹን ልጅ አፍንጫ ስታስብ ግን ሁሉም ከአፏ ላይ ተመለሰ። እንግዳው ማሩን በቆርቆሮ አስሞልቶ ወጣ፤ ጉዟቸውን ቀጠሉ።

በስብሰባው ክፍል ሥዕሎቹ ከግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቀሉ። የጤና ኃላፊው፣ ሁለት ጸሐፊዎች፣ አንድ የግብርና ሰው ነበሩ፤ በመጨረሻ የፖለቲካ ኃላፊው ጓድ ዳርጌ ገባ። ዳርጌ የአሪ ልጅ ነው፤ ከሀብተ ማርያም ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል፣ በኋላም መምህር ነበር። ሲስቅ ከልቡ የሚስቅ፣ ሲቆጣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። ወሰንየለሽ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ እንድትወጣም እንድትቀመጥም የነገራት አልነበረም። ዳርጌ ሥዕሎቹን ከዳር እስከ ዳር አየና ተመልሶ የአሪዋ ሴት ፊት ቆመ።

«ያምራል» አለ። «አረማመዷ ቁርጥ የእናቴ ነው።» ወሰንየለሽ አግዳሚው ላይ ቀና አለች። ዳርጌ ቀጠለ፤ «ፊቷስ? ፊቷ የት አለ?»

ኃይለጊዮርጊስ ከሀብተ ማርያም ቀድሞ መለሰ። በካርቱን ፊልም አንድ ሰው እንዲራመድ ብቻ ብዙ ጊዜ እንደሚሣል፣ መስመር በቀነሰ ቁጥር እንቅስቃሴው እንደሚያምር፣ ፊት ባይኖርም ሁኔታው ከአቋሙ እንደሚነበብ ዘርዝሮ አስረዳ። በእጁም፣ በትከሻውም አሳየ። ዳርጌ እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጠው።

«ገብቶኛል። ዓይን ያላት ትንኟ ብቻ ናት ማለት ነው?»

አንደኛው ጸሐፊ ሳቀና ሳቁን ዋጠው። ዳርጌ ግን አልሳቀም፤ ወደ ሀብተ ማርያም ዞረ። «አብረን ነው ያደግነው፤ የማታውቀውን አልነግርህም። አባቴ ማር ተሸክሞ አባትህ ሱቅ ደጃፍ ሲቆም፣ አባትህ ቀና ብለው አይተውት አያውቁም። ስሙንም መልኩንም አያውቁትም፤ ‹አንተ› ብቻ ነበር የሚሉት። እኔም አጠገቡ እቆም ነበር። አሁን ደግሞ በፊልም ያለ ፊት ልታወጣን ነው? የእኛ ሰው ቱርሚ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ራሱን ያለ ዓይን ይይ?» ኃይለጊዮርጊስ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ዳርጌ ከጠረጴዛው ላይ መሣያ ከሰል አነሣና ሀብተ ማርያም እጅ ላይ አኖረው። «ዓይን ሣልላት። እዚሁ ሣልላትና እንያት።»

ሀብተ ማርያም ተነሣ። ወደ ግድግዳው የሄደው ቀጥ ብሎ ነው፤ የማያይ ሰው አይመስልም ነበር። በግራ እጁ የወረቀቱን ጠርዝ ዳሰሰ፣ ከሰሉን አስጠጋ፣ በአንድ ትንፋሽ አንድ ዓይን ሣለ። ዓይኑ ከነሽፋሽፍቱ ጥሩ ዓይን ነበር። የተሣለው ግን ከሴትየዋ ራስ ውጭ፣ ባዶው ወረቀት ላይ፣ ከሸክሟ በላይ ነበር። እሱ ግን ጨርሻለሁ ብሎ ዘወር አለ፤ ፈገግም ብሎ ነበር።

«ትቀልድብኛለህ?» አለ ዳርጌ፣ ቀስ ብሎ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ወዴት እንደሚወስድ በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የጤና ኃላፊው ወንበሩን ከሀብተ ማርያም ራቅ አደረገ። ወሰንየለሽ መቼ እንደቆመች አላወቀችም። «የሣልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። ልትል ያሰበችው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ተከትሎ የወጣው ግን ሳታስበው ነው። «እሱ ዓይኑ አያይም።»

«ወሰን!» አለ ሀብተ ማርያም።

ዳርጌ ወደ ሀብተ ማርያም ተጠጋና ፊት ለፊቱ ቆመ። «ታየኛለህ?» ሀብተ ማርያም፣ «የለበስከውን ካኪ አያለሁ» አለው። ዳርጌ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ሲያስቀምጠው የሕፃን ያህል ተጠንቅቆ ነበር። ከዚያ ወደ ወሰንየለሽ ዞረ።

«ፊት የነፈግሽን አንቺ ነሽ እንግዲህ።»

«የነፈግሁት ሰው የለም። ሁሉም ያው ናቸው» አለችና በጣቷ ወደ ደገኛው ነጋዴ አመለከተች። «እኚህ አባቴ ናቸው። እሳቸውም ፊት የላቸውም።»

«የአባትሽን ፊት ጂንካ ውስጥ የማያውቅ የለም» አለ ዳርጌ። «እሳቸው ባይሣልላቸውም አይጎድልባቸውም።»

ወሰንየለሽ ቅዳሜ ገበያውን፣ ዳገቱን፣ የሰዉን አረማመድ አሰበች፤ ይህን ሁሉ ልትነግረው ፈለገች። ግን ያ ሁሉ ሰው ወደ እሷ ሲቀርብ ፊቱን አይታ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ ማስታወስ አልቻለችም። ሥዕሎቿ ውሸት እንዳልሆኑ ታውቃለች፤ ዳርጌም እንዳልዋሸ ታውቃለች። በሁለቱ መካከል ምን እንደሚባል ግን አላወቀችም። «ዓይን ሣዪላቸው» አለ ዳርጌ። ትእዛዝም ልመናም ይመስል ነበር። ወንድሟ በተቀመጠበት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ድምፁ አቅንቷል።

ከሰሉን ወሰደች። የአሪዋን ሴት ዓይኖች ሣለች፤ ሴትየዋ ወዲያው መራመዷን ተወችና ቀና ብላ ፎቶ ሊያነሷት የቆመች መሰለች። የሐመሯን ሣለች፤ ትከሻዋ ላይ የነበረው ኩራት ፊቷ ላይ ወጥቶ ቁጣ ሆነ። የበናው ሰው የደነገጠ ሆነ። የአባቷን ዓይኖች በመጨረሻ ሣለች፤ ወዴት እንደሚያዩ መወሰን ቸግሯት መሬት መሬት እንዲያዩ አደረገቻቸው። ስትጨርስ ግድግዳው ማስታወቂያ የተለጠፈበት የጤና ጣቢያ ግድግዳ መሰለ። «አሁን ሰው ሆኑ» አለ የጤና ኃላፊው፤ ጸሐፊዎቹ አጨበጨቡ። ኃይለጊዮርጊስ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ዳርጌ ግን አላጨበጨበም። የአሪዋን ሴት እንደገና ጠጋ ብሎ አያት፤ የሚፈልገውን ያገኘም አይመስልም ነበር።

ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ዳርጌ ወንድምና እህትን አስቀረ። «ከቤቱ የሚያስወጣችሁ የለም» አለ። «ሀብተ ማርያም በጤና ምክንያት ይረፍ። በእሱ ቦታ አንቺ ትገቢያለሽ፤ ከነገ ጀምሮ። ደብዳቤውን እኔ አስጽፋለሁ።» ኃይለጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ልጅቷ ለጥቂት ወራት አዲስ አበባ ብትመጣ ለፊልሙም ለእሷም እንደሚጠቅም ተናገረ። ዳርጌ ተከዘ። ሊከለክል የፈለገ አይመስልም ነበር። «የላብ አደሮች ቀን ደርሷል» አለ፤ «ከዚያ የክትባቱ ዘመቻ አለ። ከዚያ የአብዮት በዓል። ሌላ ሰዓሊ የለንም። ከዚያ በኋላ እናያለን።» ከዚያም ወደ ወሰንየለሽ ዞሮ በቅን ልብ፣ «ደስ አላለሽም እንዴ?» አላት። «ደስ ብሎኛል» አለች።

ከቀትር በኋላ አውሮፕላን መድረሱን የሚያስታውቀው ጥሩምባ ሲነፋ ከብቶቹ ከማረፊያው ሜዳ ተባረሩ። ወሰንየለሽ የእንግዳውን የማር ቆርቆሮ ተሸክማ ሸኘችው። ሥዕሎቹ ከነዓይናቸው በብብቱ ሥር ተጠቅልለዋል። «ቁርስ ላይ ለምን አልተናገርሽም?» አላት።

«ማን ጠየቀኝ?»

አንገቱን ደፋ። «ዓይን ሲጨመር ሥራው ይበዛል፤ ምናልባት ከሰዎቹ ጥቂቱን መቀነስ ይኖርብን ይሆናል» አለ።

«የትኞቹን?»

«እናያለን» አለና ቆርቆሮውን ተቀብሏት ሄደ። አውሮፕላኑ ጭቃውን እየረጨ ተንደረደረ፣ ዛፎቹን ለጥቂት ስቶ ተነሣ። ከብቶቹ ወደ ሳራቸው ተመለሱ። እሷም ገበያውን ዞራ፣ የሚያልፈውን ሰው ፊት ፊቱን እያየች ወደ ቤት ገባች፤ ሰዎቹ ምን ሆነች ብለው አዩአት።

ቤት ስትደርስ ተዋበች ውሃ ይዛ በር ላይ ተቀበለቻት። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጋላት አታውቅም። «እግርሽን ታጠቢ፣ ደክሞሻል» አለቻት፤ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ፣ «ደመወዙ ያው የእሱን ያህል ነው የሚሆነው?» ስትል ጠየቀች። ወሰንየለሽ ያው እንደሆነ ነገረቻት። ተዋበች ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ጓዳ ገባች። ልጆቹ ድምፃቸውን አጥፍተው ይጫወታሉ። ሀብተ ማርያም ደጃፉ ላይ፣ የቀረው ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ተቀምጧል። ወሰንየለሽ ለበዓሉ የመጣውን ቀይ ጨርቅ አውጥታ ሳሎኑ ውስጥ ዘረጋችው።

«የፊተኞቹ ይሻሉ ነበር» አለ ሀብተ ማርያም።

«አላየሃቸውም እኮ፣ ጋሼ።»

«አላየኋቸውም። ስትሠሪያቸው ግን አጠገብሽ ነበር የምቀመጠው። ከሰሉ አንዴ ከተነሣ አይቆምም ነበር፤ ሄዶ ሄዶ ነው የሚያበቃው። ዛሬ በየዓይኑ ላይ ሲቆም ሰማሁት።»

ወሰንየለሽ ብሩሹን እንደያዘች ቀረች።

«ያን ለእንግዳው ያልኩትን...» ብሎ ጀመረ ሀብተ ማርያም።

«ተወው። ና ጫፉን ያዝልኝ።»

ተነሥቶ እየዳሰሰ መጣ። የጨርቁን አንድ ጫፍ እጁ ላይ አኖረችለት፤ ሌላውን በእግሯ ረገጠች። «ጠበቅ አድርገው» አለችው፤ ጠበቅ አደረገው። ቀለሙ ውስጥ ብሩሹን ነከረችና የመጀመሪያውን ፊደል ጻፈች፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። እሱ ጨርቁን እንደወጠረ፣ ፊቱን ወደ ብሩሹ ድምፅ አዘንብሎ ቆሟል።

«ዘንድሮ ምን ይላል?» ሲል ጠየቃት።

«ያው ነው» አለች። «ያምናው።»